ስንቅ

ስንቅ መንገደኛ ከቤቱ ይዞት የሚወጣ ምግብ ነው። ለእስረኛ የሚገባውም ስንቅ ስለሚባል፣ የቃሉ ልክ የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከቤት ምድጃ መለየት ነው እላለሁ። ለአንድ አዳርም ይሰነቃል።

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባው ቤቴል ሰፈር በብስክሌት ተነሥቶ፣ በአየር ጤና አድርጎ በጅማ መንገድ እስከ ሰበታ የሚዘልቅ፣ ከዚያም ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚታጠፍ ወጣት መሰነቅ አለበት። ደኑ ያለው በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ነው፤ ታሪኩም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተክለውበታል እስከሚባሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ድረስ ይመዘዛል። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አቀበቱ ጉልበት ይጨርሳል።

ጓዝ ሌላ ነው። ጓዝ የሚጠቀለለው ቤት ሲለቀቅ ነው፤ ድስቱ፣ ፍራሹ፣ ሁሉም ይጫናል። ለአንድ አዳር ጓዝ ተሸክሞ የወጣ ሰው ሽርሽሩ ሥቃይ ይሆንበታል።

ከስንቅ ሁሉ በሶን የሚያህል አላውቅም። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ጨውና በርበሬ ነካ አድርጎ፣ ውሃውን ጠብ እያደረጉ በእጅ እስኪጨበጥ ማሸት ነው፤ የደከመው ደግሞ በማር በጥብጦ ይጠጣዋል። ወጥ በመንገድ ይፈሳል፣ ይበላሻል። ድርቆሽና ቋንጣ ግን ቀናት ይቆያሉ። ዳቦ ቆሎው ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ፔዳል እየረገጡ የሚቆረጠም እሱ ነው።