ከሴሚናሪ በፊት ያሉት ዓመታት

ከሳክሶኒ የተሰደዱ ሉተራን ጀርመኖች በ1839 እ.ኤ.አ. በሚዙሪ ፔሪ አውራጃ፣ መሬቱን ገና መንጥረው ሳይጨርሱ፣ ከግንድ በተሠራች አንዲት ጎጆ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለእርሻ እጅ በሚያንስበት ሰፈር ልጆችን ላቲን፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ለማስተማር መነሣታቸው ቅንጦት ይመስላል። ለእነርሱ ግን የእምነታቸው ግዴታ ነበር፤ ሉተር ራሱ በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት በጻፈው ደብዳቤ ወንጌል ያለ ቋንቋዎቹ ተጠብቆ እንደማይቆይ አጥብቆ ተከራክሯል። በእኛም አብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ በተለምዶ ቅኔ ቤት ሳይውል ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ አይሻገርም። በ1847 የተመሠረተው የሉተራኖቹ የሚዙሪ ሲኖዶስም ይህንኑ ቅደም ተከተል ሥርዓት አደረገው፤ የፓስተርነት እጩው ገና በልጅነቱ ገብቶ የሁለተኛ ደረጃውን አራት ዓመትና የኮሌጁን ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ይማር፣ ከዚያ ወደ ሴሚናሪ ይሄድ ነበር።

ይህ ሥርዓት የሚወቀስበት ነገር አለው፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለ ጥሪው በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ ከእጩዎች ጋር ብቻ ያደገ ፓስተርም የምእመናኑን ኑሮ በሩቁ ነው የሚያውቀው። ሆኖም ጉድለቱ የአጥሩ እንጂ የትምህርቱ አልነበረም ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ሲኖዶሱ በ1957 ፎርት ዌይን ላይ የከፈተው ኮንኮርዲያ ሲኒየር ኮሌጅ ነው። ግቢውን የነደፈው ታዋቂው አርክቴክት ኤሮ ሳሪነን ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የኮሌጅን የመጨረሻ ሁለት ዓመታት እዚያ ተምረው፣ ቋንቋን ከፍልስፍና፣ ከታሪክና ከሥነ ጽሑፍ ጋር አዋህደው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ይመረቁ ነበር። እዚህ የሚገቡት ልጆች ሳይሆኑ ጎልማሶች ነበሩ።

ኮሌጁ ሃያ ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1977 ተዘጋ። የተዘጋው ስላልሠራ ነው የሚል ካለ ዘመኑን ያስታውስ፤ በ1974 በሴንት ሉዊስ ያለው የሲኖዶሱ ሴሚናሪ አብዛኞቹ መምህራንና ተማሪዎች በአስተምህሮ ጠብ ጥለው ወጥተው ነበር፣ ኮሌጁ እንዲዘጋ የወሰነው ጉባኤም የተደረገው በማግስቱ ዓመት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሰጠ ውሳኔ የትምህርቱን ዋጋ አይመዝንም። ዛሬ እጩዎች ከምሕንድስናም ከንግድም ትምህርት ይመጣሉ፤ ይህ ለቤተ ክርስቲያን በረከት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ግሪክኛን በኮሌጅ ሳለ የጀመረው ሴሚናሪ ሲደርስ ከጳውሎስ ሐሳብ ጋር ይታገላል፤ ያልጀመረው የመጀመሪያ ወራቱን ከግስ እርባታ ጋር ያሳልፋል።