የሎንዶኑ ጉባኤ ቤትና ደቀ መዛሙርቱ

በሎንዶን ከተማ መካከል፣ ከታላላቆቹ የፍርድ ቤቶች ሕንፃ አጠገብ፣ ሃውተን ስትሪት የሚባል አጭርና ጠባብ መንገድ አለ። በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ እንደሚታየው ያለ በሣር የለመለመ ዐጸድ፣ ዘመናት የተፈራረቁበት ጸሎት ቤት፣ በወንዝ ዳር የተተከለ ዛፍ በዚያ የለም፤ ሕንፃ ከሕንፃ ተደጋግፎ የቆመበት፣ የጠበቆች ቢሮና የንግድ ቤት የከበበው ሰፈር ነው። ነገር ግን በ1902 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አኖረዋለሁ) በዚህ ሰፈር ወንበሩን የዘረጋው የሎንዶን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ሰዎች በእስያ፣ በአፍሪቃና በካሪብ ባሕር ደሴቶች ለተነሡት አዳዲስ መንግሥታት ሕገ መንግሥት የጻፉ፣ ግምጃ ቤት የጠበቁ፣ በርእሰ ብሔርነት የተቀመጡ ሆኑ። እንግሊዞች ሰፊውን ግዛታቸውን በጥበብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ያፈራልናል ብለው የተመኩበት ቤት፣ ያንን ግዛት የሚበትኑትን ሰዎች ማሳደጉ ለሰሚው እንቈቅልሽ ይመስላል። እኔ ግን የእያንዳንዱን ተማሪ ታሪክ ስመለከት ነገሩ እንቈቅልሽ አይሆንብኝም፤ ቤቱ የሰጣቸው የመመርመሪያ ሥርዐት ነበርና፣ የሚመረመረውን ጉዳይ ግን እያንዳንዱ ከአገሩ፣ ከቈሰለበት ስፍራ ይዞት መጥቶ ነበር።

የቤቱ ጥንተ ነገር እንዲህ ነው። ሄንሪ ሃንት ሃቺንሰን የተባለ የደርቢ ከተማ የሕግ ሰው በ1894 በሞተ ጊዜ ኑዛዜው ቢገለጥ፣ ከሀብቱ የሚበዛውን ለፌቢያን ማኅበር ማውረሱ ታወቀ፤ ማኅበሩም በሁከትና በደም ሳይሆን በትምህርት፣ በምክርና በሕግ የድኻው ኑሮ ቀስ በቀስ እንዲሻሻል የሚደክሙ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ቀን የማኅበሩ አባላት ሲድኒ ዌብና ሚስቱ ቢያትሪስ፣ ከግራሃም ዋላስና ከጸሓፌ ተውኔቱ ከበርናርድ ሾው ጋራ በሰሪ አውራጃ በሚገኝ የገጠር ቤት ለቁርስ ተቀምጠው ሳለ፣ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት መቈርቈሪያ ይሁን የሚለው ሐሳብ ተነሣ። ሾው ለማኅበሩ ስብከት የተተወ ሀብት ለገለልተኛ ምርምር መዋሉን አልወደደውም ነበር፤ በኋላ ዘመን የሆነውን ለሚያውቅ ግን ፍርዱ ለዌብ ነው። በኦክቶበር 1895 በተከራዩት ጥቂት ክፍል ትምህርቱ ተጀመረ፤ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከወንዶች እኩል ገቡ፤ ቀን በጽሕፈት ቤትና በባቡር መሥሪያ ቤት የሚውለው ሠራተኛ በማታ ገብቶ እንዲማር በሩ ክፍት ሆነ፤ በ1900ም ቤቱ የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ አካል ለመሆን በቃ።

ከ1903 እስከ 1908 ዲሬክተር የነበረው ሃልፎርድ ማኪንደር ስለ ግዛተ እንግሊዝ ክብር እጅግ የሚቀና የጂኦግራፊ ሊቅ ነበር። በ1907 የጦር መኮንኖች የአስተዳደርና የሒሳብ ጥበብ የሚማሩበትን ክፍል ያቋቋመ እርሱ ነው። ይኸው ሰው አስቀድሞ፣ በ1899፣ የኬንያ ተራራ ጫፍ ላይ በመውጣት ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው ሆኖ ነበር፤ ተራራውን ግን አምላካችን ያለበት ነው እያሉ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው የሚጸልዩ ኪኩዩ የተባሉ ሕዝቦች ከሥሩ ይኖሩ ነበር። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ከሕንድ የመጣው ቢምራኦ አምቤድካር በ1916 ወደዚህ ቤት ሲገባ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት ተምሮ ነበር። ትውልዱ ማሃር ከተባለው ወገን ነው፤ በሂንዱዎች ሥርዐት የዚህ ወገን ሰው ሌላውን ቢነካው ያረክሰዋል ስለሚባል፣ ሕፃኑ አምቤድካር በትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ተለይቶ በምድር ላይ፣ ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ይቀመጥ ነበር፤ ሲጠማውም የውኃውን ዕቃ በእጁ መንካት አልተፈቀደለትም። ለትምህርቱ ገንዘብ የሰጠው የባሮዳ ንጉሥ ነበር፤ ይህም ገንዘብ በ1917 ሲያልቅ ጥናቱን ሳይጨርስ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አስቀድሞ በመርከብ የላካቸው መጻሕፍቱና ጽሑፎቹም መርከቡን የጀርመን ቶርፔዶ ስለ መታው ከባሕር ሰጠሙ። በባሮዳ በመንግሥት ሥራ ገባ፤ ነገር ግን የሚያሳድረው ሰው አጥቶ፣ ወገኑን ሸሽጎ ፓርሲ ከተባሉ ሰዎች የእንግዳ ቤት ተጠለለ፤ ማንነቱ ሲታወቅ ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው አስወጡት። ይህን የመሰለ መከራ ያየ ሰው ከትምህርት ይልቅ ዐመፅን ቢመርጥ ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በቦምቤይ እያስተማረ ገንዘብ አጠራቀመ፤ በኮልሃፑሩ መስፍን ርዳታም በ1920 ተመልሶ ወደ ሎንዶን መጣ።

በዚህ በሁለተኛው ጊዜ የመረጠው የምርምር ርእስ ሩፒ የተባለው የሕንድ ገንዘብ ጉዳይ ነበር። ሩፒ በብር ቆሞ በኖረበት ዘመን፣ ብር በዓለም ገበያ እየረከሰ ሲሄድ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሩፒን ከወርቅ ጋራ የሚያያይዝበትን ሥርዐት አቁሞ ነበር፤ አምቤድካርም ይህ ሥርዐት የገንዘቡን ብዛት በገዢዎች ፈቃድ ላይ ጥሎ ድኻውን በዋጋ መናር እንደሚጐዳው በቁጥር እያስረዳ ተከራከረ። ፈታኞቹ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አቃንቶ እንዲመልሰው ጠየቁት፤ እርሱም አቃንቶ አቀረበ፤ በ1923 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። መምህሩ ኤድዊን ካናን በአንዳንድ ነገር ከደቀ መዝሙሩ ጋራ ባይስማማም ለታተመው መጽሐፍ መቅድም ጻፈለት። ከመምህር የሚጠበቀው ትልቁ ልግስና ይህ ይመስለኛል። የሕንድን ገንዘብ ሊመረምር የመጣው የመንግሥት ጉባኤ በ1925 ምስክርነቱን ሰማ፤ ሕንድም ነፃ ስትወጣ አምቤድካር የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትር፣ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ኮሚቴም ሰብሳቢ ሆነ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 የጸናው ያ ሕግ በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አለመነካት የተባለውን ልማድ ሽሮታል።

አሁን ወደ ተራራው ልመለስ። የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚህ ቤት የሰውን ዘር ልማድ የሚመረምረውን ትምህርት ሲያስተምር ጉባኤው ከየአገሩ በመጡ ተማሪዎች የታወቀ ነበር፤ ትምህርቱም የአንድ ሕዝብ ሥርዐት ለተመልካች ከንቱ ቢመስል እንኳ ሁሉም ከሁሉ ጋራ ተያይዞ የሚሠራበት ምክንያት አለው የሚል ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ጆሞ ኬንያታ ነበር። ኬንያታ ወደ ሎንዶን መጀመሪያ በ1929፣ ኋላም በ1931 የመጣው የኪኩዩ ማእከላዊ ማኅበር ልኮት፣ ነጮች ስለ ወሰዱት የአባቶቹ ርስት አቤቱታ ለማቅረብ ነበር፤ አቤቱታው ግን ሰሚ አላገኘም። እንግዲህ አቤቱታው ያልከፈተውን በር በምርምር ጽሑፍ ሊከፍተው ተነሣ። በ1938 ማሊኖቭስኪ መቅድም ጽፎለት ያወጣው ስለ ኪኩዩ ኑሮ የሚናገረው መጽሐፍ ርእሱን ከዚያው ከኬንያ ተራራ ወስዷል፤ ማኪንደር የወጣበትን ተራራ ኬንያታ ፊቱን መልሶ ተመለከተው። በመጽሐፉ ውስጥ ርስት ሕያዋንን ከሙታን አባቶቻቸው ጋራ የሚያስተሳስር መሆኑን በመምህሩ ሥርዐት አስረዳ። ሁሉን አመሰግናለሁ አልልም፤ የሴት ልጆችን ግርዛት በዚያው በልማድ ተያያዥነት ሲከላከልለት የትምህርቱ ስሕተት በግልጥ ይታያል፤ ምክንያት ያለው ነገር ሁሉ የተገባ ነው ማለት አይደለምና።

ይህ ሰው ለእኛም ባዕድ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በ1935 የትሪኒዳዱ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በሎንዶን የአቢሲኒያ ወዳጆች የሆኑ አፍሪቃውያንን ማኅበር ሲያቋቁም ጸሓፊው ኬንያታ ነበር፤ በጁን 1936ም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዋተርሉ የባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል ተገኝቷል። ያ ተማሪ በ1946 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ1952 ታሰረ፣ ሰባት ዓመት ተፈረደበት፣ በ1963 ኬንያ ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በሚከተለውም ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነ። ከ2002 እስከ 2013 በዚያው ወንበር የተቀመጠው ምዋይ ኪባኪም በዚሁ ቤት ስለ መንግሥት ገንዘብ ተምሮ የወጣ ነው።

ፖለቲካን ያስተምር የነበረው ሃሮልድ ላስኪ ከ1926 እስከ ሞተበት እስከ 1950 ወንበሩን ሲይዝ፣ ከቅኝ አገር የመጣ ተማሪ በእንግሊዝ አገር ሳለ እንደ እኩያ የሚያነጋግረውን ሰው ለማግኘት ወደ እርሱ ይሄድ ነበር። የሕንዱ ክሪሽና ሜነን፣ የጃማይካው ማይክል ማንሊ፣ የባርባዶሱ ኤሮል ባሮው በዚያ ጊዜ በቤቱ የተማሩ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው የናራያናን ታሪክ ነው፤ በኬራላ በሣር ክዳን ጎጆ ተወልዶ፣ እንደ አምቤድካር ከማይነኩት ወገን ሆኖ፣ በእግሩ ብዙ ኪሎ ሜትር እየሄደ የተማረው ይህ ልጅ በ1948 ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ላስኪ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለኔህሩ የሚሰጥ ደብዳቤ አስያዘው፤ ኔህሩም ከውጭ ጉዳይ ሥራ አስገባው። በ1997 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆነ። የላስኪ መጻሕፍት ዛሬ አንባቢያቸው ጥቂት ነው፤ ደብዳቤው ግን ፍሬ አፈራ።

ከሴንት ሉሺያ ደሴት የመጣው አርተር ሉዊስ መሐንዲስ መሆን ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን በቅኝ ግዛት ጥቁር መሐንዲስ የሚቀጥር እንደሌለ ዐውቆ በ1933 ወደዚህ ቤት ገባና የንግድ ትምህርት ተማረ። በ1938 ቤቱ ራሱ መምህር አድርጎ ሲሾመው በዚያ ወንበር ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሆነ፤ በ1948 በማንቸስተር ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1979 የኖቤል ሽልማት ከቴዎዶር ሹልትስ ጋራ ተካፈለ። በጋና ነፃነት ማግስት የአገሩ መሪ ክዋሜ ንክሩማ አማካሪ ይሁነኝ ብሎ ጠራው። ንክሩማም በ1945 በዚሁ ቤት ለጥቂት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር። ነገር ግን የአንድ ቤት ተማሪ መሆን ሐሳብን አንድ አያደርግም፤ ሉዊስ የመንግሥቱ ገንዘብ ለሚያፈራ ሥራ ይዋል ሲል፣ ንክሩማ ለፖለቲካ ክብር የሚሆነውን አስቀደመ፤ በ1958 ተለያዩ። በጋና ላይ የደረሰውን ዕዳ ስናይ የሉዊስ ምክር የበለጠ እንደ ነበር እንረዳለን፤ ግን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው መሪ ቢሆን ኖሮ ሉዊስስ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ጥያቄ አልፈታውም።

ትምህርት ቤቶች ስመ ጥር ተማሪዎቻቸውን ሲቈጥሩ እጃቸው ይረዝማል። በ1935 የተመዘገበው ጆን ኬኔዲ ታሞ ወዲያው ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ዘፋኙ ሚክ ጃገር ከሁለት ዓመት በኋላ ትቶ ሄደ፤ የሲንጋፖሩ ሊ ኳን ዪውም ለጥቂት ወር ተቀምጦ ወደ ኬምብሪጅ ተሻገረ፤ ሁሉም ግን ከቤቱ ልጆች ይቈጠራሉ። የጎጃም የቅኔ መምህር አንድ ሌሊት በጉባኤው ያደረን እንግዳ የኔ ተማሪ ቢል ደቀ መዛሙርቱ ይሥቁበት ነበር።

ከእኛ ወገን አቶ ይልማ ደሬሳ ነበሩ። በወለጋ ተወልደው፣ አባታቸው ብላታ ደሬሳ አመንቴ አሳድገዋቸው፣ በእስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ከጣልያን ወረራ በፊት በሎንዶን በዚሁ ቤት ኢኮኖሚክስ ተምረው ተመለሱ። በ1943 በምክትል የገንዘብ ሚኒስትርነት አሜሪካ ሄደው በሆት ስፕሪንግስ በተደረገው የምግብና የእርሻ ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክለዋል፤ ኢትዮጵያ የማርያ ቴሬዛን ብርና የምሥራቅ አፍሪቃን ሽልንግ ትታ በ1945 የራሷን ገንዘብ ስታወጣም ለዚያ መንገዱን ከጠረጉት ሹማምንት አንዱ ናቸው። የታሪክ ሰውም ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ የዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአማርኛ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። ለረጅም ጊዜ በገንዘብ ሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ከሎንዶን ያመጡት የገንዘብ ትምህርት በጎጃም ርስተኛ ፊት ቆመ። ኬንያታ በመጽሐፉ የገለጠውን የመሰለ ፍቅረ ርስት የጎጃምም ባላገር ነበረው፤ የመሬቱ ገቢ ተገምቶ ከተጻፈ ርስቴ ከእጄ ይወጣል ብሎ ስለ ሰጋ ገማቾችን አላስገባም አለ፤ በ1968 በጦር መሣሪያ ተነሣ። ወታደርና አውሮፕላን ቢላክበትም አልተገዛም፤ ጠቅላይ ገዢው ከሹመታቸው ተነሡ፤ ዐዋጁም በዚያ አገር ሳይፈጸም ቀርቶ፣ የቈየው ውዝፍ ግብር በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተሰረዘ።