ዜና ሕገ ጋብቻ ዘደቡብ አፍሪቃ

ይህ ዜና በደቡብ አፍሪቃ ምድር የጋብቻ ሕግ ከመቅደስ ወደ ሸንጎ፣ ከሸንጎም ወደ ፍርድ ቤት እንዴት እንደ ተሻገረ ይናገራል። ዘመኑን የአገሩ ሰዎች በሚቈጥሩት በፈረንጆች አቈጣጠር አኑሬዋለሁ።

በ1857 በኬፕ ምድር የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰበሰበ። ነጭና ጥቁር ምእመናን በአንድ ማዕድ መቍረባቸው እንደ መጽሐፍ ቃል መልካም ነው አለ፤ ነገር ግን ስለ አንዳንዶች ድካም ለየብቻ ቢሰበሰቡ ፈቀደ። ስለ ድካም የተፈቀደው ነገር ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆነ፤ ሥርዓቱም ቈይቶ ትምህርት ተባለ። በ1892 መንገና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት ቄስ እንዲህ ያለ መለያየት ቢያስመርረው ከነጮቹ ተለይቶ በፕሪቶሪያ ማኅበር አቆመ፤ ስሙንም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አለው። የአገራችን ስም በዚያ ምድር የተጠራው በመሠዊያ ፊት እኩልነት በተነፈጉ ሰዎች አፍ መሆኑን መዝግቤ አልፋለሁ።

በ1948 የናሽናል ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። አለቃውም ዳንኤል ማላን ነበረ፤ እርሱም አስቀድሞ የዚያችው የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረ። በዓመቱ፣ በ1949፣ ነጭ የሆነ ሁሉ ነጭ ካልሆነ ሰው ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቆች እንዲህ ያለ ሕግ እንዲወጣ ቀደም ብለው ለምነው ነበርና ደስ አላቸው። በሕጉም ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ እያወቀ እንዲህ ያሉትን ሁለት ሰዎች ያጋባ ቄስ እስከ 50 ፓውንድ ይቀጣል ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንቀጽ ልብ በል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚያም መለያየት ጥላ ሕጉ ሳይወጣ እንኳ ከድንበር አልፎ ሎንዶን ደረሰ። የቤቿናላንድ ባላባት ሴሬትሴ ካማ በ1948 ሩት ዊልያምስ የምትባል እንግሊዛዊት ሊያገባ በቤተ ክርስቲያን ቀጠሮ ይዞ ሳለ የሎንዶኑ ጳጳስ መንግሥት ካልፈቀደ እኔም አልፈቅድም አለ። እነርሱም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋቡ። እንግሊዞችም ደቡብ አፍሪቃን እንዳያስቀይሙ ፈርተው ሰውየውን ከገዛ አገሩ አገዱት፤ እስከ 1956ም አልተመለሰም። በ1966 የቦትስዋና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሩትም አብራው ነበረች። በደቡብ አፍሪቃ ግን ፖሊስ በሌሊት ደጅ እያስከፈተ አልጋ ይፈትሽ ነበር። የጋብቻው ክልከላ የተሻረው በ1985 ነው።

በኅዳር 1990 የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በሩስተንበርግ ተሰበሰቡ። በዚያም ቪሊ ዮንከር የሚባል የስቴለንቦሽ የነገረ መለኮት መምህር ተነሥቶ ስለ ራሱና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ በደሉን ተናዘዘ። የኬፕታውኑ የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ተነሥቶ ኑዛዜውን ተቀበለ። በእኔ ፍርድ ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ የሚያስረዳው ይህ ቀን ነው። መጽሐፍን ይዞ የሰውን ትዳር በፖሊስ ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው፣ ሌላ የጋብቻ ክርክር ሲመጣ ድምፁ እንደ ቀድሞው አይሰማለትም።

ሌላውም ክርክር መጣ። ሲሞን ንኮሊ የሚባል ጥቁር ወጣት በ1984 ታስሮ በደልማስ ከተማ በክህደት ወንጀል ከተከሰሱት ጋር ቆመ። በእስር ቤት ሳለ ልቡ ወደ ወንዶች እንደሚያዘነብል ለጓደኞቹ ገለጠ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እጅግ ተቈጡ፤ ኋላ ግን ታረቁት። ከተከሳሾቹ አንዱ ሞሲዋ ሌኮታ ነበረ።

አፓርታይድ ወድቆ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ፣ መንግሥት ማንንም ስለ ዘሩ፣ ስለ ጾታው፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ጾታዊ ዝንባሌውም እንዳያበላልጥ ተደነገገ። ግንቦት 8 ቀን 1996 በጉባኤው 421 ሰዎች ደገፉት፤ 10 ሰዎች ድምፅ አልሰጡም፤ 2 ሰዎች ብቻ ተቃወሙ። እነዚያ 2ቱ የአፍሪቃ ክርስቲያን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ማንዴላም በታኅሣሥ 10 ቀን በሻርፕቪል ፈረመው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ሴቶች ጋብቻችን ይታወቅልን ብለው በፕሪቶሪያ ከሰሱ፤ ነገራቸውም እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወጣ። የጋብቻ ወገን ነን ያሉ ክርስቲያኖችም ሊከራከሩ ገቡ፤ የደርባኑ ካርዲናል ዊልፍሪድ ናፒየር ደገፋቸው። ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ጋብቻን መንግሥት አልፈጠረውም፤ እግዚአብሔር በኦሪት ዘፍጥረት ወንድና ሴትን አንድ ሥጋ አደረገ፤ ክርስቶስም በማቴዎስ 19 አጸናው አሉ። ሌሎች ትምህርታቸውን ከዘር ክልከላ ጋር ሊያመሳስሉት ሲሞክሩም አልተቀበሉም፤ የቈዳ ቀለም ልዩነት በመጽሐፍ ለጋብቻ ዕንቅፋት ሆኖ አልተጻፈም፣ የእኛ ትምህርት ግን ተጽፏል ይሉ ነበር። በዚህ ነጥብ እውነት አላቸው፤ የ1949 ሕግ ሰው የፈጠረው ነውና። ነገር ግን በዘመኑ የደገፉት ሰዎችም ከመጽሐፍ እንጠቅሳለን ይሉ እንደ ነበር መርሳት አይገባም።

ፍርዱን የጻፈው አልቢ ሳክስ ነው። ይህ ሰው በ1988 በማፑቶ መኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጁንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 2005 ፍርዱ ተነበበ። ሃይማኖት በሕዝብ ኑሮ ታላቅ ስፍራ አለው፣ የአንዱ ቤት ዶግማ ግን ሕገ መንግሥትን መተርጐሚያ ሊሆን አይችልም አለ። ለየብቻ ሆኖ እኩል ነው የሚባለውን ነገርም ያ አገር ጠንቅቆ እንደሚያውቀው አስጠነቀቀ። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውም እንዲጋቡ ሕጉን ያስተካክል ዘንድ ለፓርላማው 12 ወር ሰጠው። ዳኛ ኬት ኦሬገን ብቻ ለምን ዛሬ አይሆንም ብላ ተለየች።

በ2006 እንደራሴዎች በዘጠኙም ክፍላተ ሀገር እየዞሩ ሕዝቡን ጠየቁ፤ የመጣው ሰው አብዛኛው ተቃወመ። ገዢው ፓርቲ ግን አባላቱን እንደ ሕሊናችሁ ምረጡ አላለም፤ በአንድነት እንዲደግፉ አዘዘ። እኔ በዚህ አልተደሰትሁም፤ ስለ ነፃነት የሚወጣ ሕግ ድምፅ ሰጪውን ነፃ ቢያደርግ ይሻል ነበር። ያን ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሌኮታ በሸንጎው ቆሞ በነፃነት ትግሉ አብረውት የተሰለፉትን እነ ንኮሊን የመሰሉትን አስታወሰ። ኅዳር 14 ቀን አዲሱን ሕግ 230 ደገፉ፣ 41 ተቃወሙ። ሕጉም ኅዳር 30 ቀን ጸና፤ ደቡብ አፍሪቃም እንዲህ ያለውን ጋብቻ በመፍቀድ በዓለም አምስተኛ፣ በአፍሪቃ የመጀመሪያ ሆነች።

አብያተ ክርስቲያናት ግን በየቤታቸው መከራከራቸውን አላቆሙም። ቱቱ በ2013 ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩትን የምትጠላ መንግሥተ ሰማያት ብትኖር አልገባባትም ሲል በአደባባይ ተናገረ። የገዛ ልጁ ምፎ ቱቱ፣ ቄስ ሆና ሳለ፣ አንዲት የኔዘርላንድ ሴት ባገባች ጊዜ በ2016 የአገልግሎት ፈቃዷን መለሰች፤ የአባቷ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ነው ይላልና። የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለውን ጥምረት በ2015 ፈቀደች፣ በ2016 መልሳ ከለከለች፤ የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019 ክልከላውን ሻረው። በሌላ ወገን አንዲት የሜቶዲስት ቄስ ሴት ለማግባት አሳውቃ ከሥራዋ ስትሰናበት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2015 ይግባኟን አልተቀበለም።

በ2020 የመንግሥት ሹማምንት በሕሊና ምክንያት ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን አናጋባም እንዲሉ የሚፈቅደው አንቀጽ ተሰረዘ። ሹሙ የመንግሥትን ደመወዝ ይበላልና ተገቢ ነው። ቄሱ ግን አልተነካም። በ1949 ቄስ ሲያጋባ የቀጣው አገር፣ በ1961 የጋብቻ ሕግ በ31ኛው አንቀጽ ማንም ቄስ ከሃይማኖቱ ሥርዓት ውጭ የሆነ ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም ብሎ ጽፏል፤ ይህም አንቀጽ እስከ ዛሬ አልተሻረም።