ከማንኪራ ሲታይ

በካፋ፣ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀይ የቡና ፍሬ ስለቅም አያቴ የነገሩኝ ይመጣብኛል። ካፋ በጥልቅ ቦይ የታጠረ መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ ያለ ሚክሬቾ ሸንጎ ምክር ብቻውን አይወስንም። አገር ሲናወጥ ግን ሥልጣን ቦታ ይለውጣል። በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ የውጭ ወራሪ ተሸነፈ፤ የአዲስ አበባው መንግሥት ክንድም በረታ። በዓመቱ ከዚያ የተላከው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወረረ። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግተው ተማረኩ፤ የሸንጎው ቃል ከላይ ለመጣ ሹመኛ ተላለፈ።

መስከረም 2014 ዓ.ም፣ አገር ዳግም ተናውጦ ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስ፣ እኔ ጭቃ ላይ ተሰልፌ የራሳችን ክልል እንዲኖረን በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፄን ሰጠሁ። በኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። የተመለሰልን ሥልጣን የአያቶቻችን አደራ ነው፤ እንደ ሸንጎው ተመካክረን እንጠብቀው።