የመመለሻ ቁርጥ ሰዓት

በተራራ ጉዞ ዕቅዳችን ውስጥ አንድ ቃል ጎድሎናል። ተራራ ወጪዎች በእንግሊዝኛ «ተርንአራውንድ ታይም» ይሉታል፤ ጫፉ ላይ ብንደርስም ባንደርስም ፊታችንን ወደ መጣንበት የምናዞርበት፣ ጉዞው ሳይጀመር የተወሰነ ሰዓት ማለት ነው። «የመመለሻ ሰዓት» ብንለው ሰሚው «ስንት ሰዓት ቤት ትገባላችሁ?» የሚል ጥያቄ ያነሳበታል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። «የመታጠፊያ ሰዓት» ደግሞ መዞሩን እንጂ ውሳኔው የማይገፋ መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ «የመመለሻ ቁርጥ ሰዓት»፣ ሲያጥርም «ቁርጥ ሰዓት» የሚለውን እመርጣለሁ። «ቁርጥ ቀን» የተባለ ቀን እንደማይራዘም ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል፤ ያ ጽናት ለዚህ ሰዓትም ያስፈልገዋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በክረምት ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ከጫማውና ከድንኳኑ በፊት መወሰን ያለበት ይህንን ነው እላለሁ። የሚሰላውም ከሚጨልምበት ሰዓት ሳይሆን በረዶው ከሚጥልበት ሰዓት ነው።

በረዶ የለበሰ ቁልቁለት የአውሮፓ ጣጣ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ግን በጥንታዊው የአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረው፣ ኮስማስ የተባለው ተጓዥም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠው የንጉሥ የድል ጽሑፍ፣ የስሜንን ተራሮች የሚገልጻቸው ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት አመዳይ የተሸፈኑ አድርጎ ነው። ዛሬ በስሜን ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ አመዳይ የለም፤ በጥንቱ የበረዶ ዘመን የነበሩት ግግሮችም ቀልጠው ካለቁ ብዙ ሺህ ዓመታት ሆኗቸዋል። ነገር ግን ከ4,000 ሜትር በላይ በክረምት የሚወርደው በረዶ፣ አልፎ አልፎም አመዳይ፣ ገደሉንም ሣሩንም በአጭር ጊዜ ነጭ ያደርጋቸዋል። የእኛን ነጭ መስክ ከአልፕሱ የሚለየውም ይህ ድንገተኛነቱ ነው። በአልፕስ በሐምሌ የሚጓዝ ሰው ከቀዝቃዛው ወቅት የተረፈውን የአመዳይ መስክ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በንጋት ጠጣር እንደሆነ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲያለሰልሰው እግር እንደሚውጥ፣ ከሥሩ ጅረት ካለም ሊደረመስ እንደሚችል ተነግሮታል። ስለዚህ ማልዶ ይሻገረዋል። በስሜን ግን ሲወጡ የረገጡት ደረቅ ድንጋይ ሲመለሱ በበረዶ ጠጠር ተሸፍኖ ይጠብቃል። ዱካው ይጠፋል፣ ጉም ይወርዳል፣ አንሸራታቹ ቁልቁለት የሚመጣውም ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ነው። የወጣንበት መንገድ የምንወርድበት መንገድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

በክረምት ብዙ ቀን ጠዋቱ ይከፍታል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው እየተቆለለ ሄዶ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይሆናል። የጣና ሰው ይህን ዓይነት ስሌት ከውሃው ያውቀዋል፤ ጠዋት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ በነፋስ እንደሚነሳ፣ የደንገል ታንኳም በቆየ ቁጥር ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ የሚያውቅ ቀዛፊ ወደ ዳር የሚዞርበትን ጊዜ ማዕበሉ እስኪታየው አይጠብቅም። በተራራውም ሂሳቡ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጠራል። ከአምቢቆ መንደር፣ ከ3,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ 4,550 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው 1,350 ሜትር ሽቅብ ይቀረዋል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው የታወቀ ስሌት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ በዚህ መሠረት ለከፍታው ብቻ 2 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ይህ ስሌት ግን ለስኮትላንድ ዝቅተኛ ተራሮች የወጣ ነውና፣ ከርቀቱና ከቀጭኑ አየር ጋር 5 ወይም 6 ሰዓት መያዝ ይሻላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ቡድን ረፋድ 3 እና 4 ሰዓት መካከል ጫፉ ላይ ሊሆን ይችላል። ደመናው ከሚከብድበት ከ7 ሰዓት በፊት ከ4,000 ሜትር በታች መውረድ ካለበት፣ ለዚያም ቁልቁል ሁለት ሰዓት ከፈለገ፣ ቁርጡ ሰዓት 5 ላይ ይወድቃል። ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም 5 ሰዓት ሲሆን ይመለሳል።

ከጨነቅ ካምፕ ተነስቶ በቧሂት ተራራ በኩል ወደ አምቢቆ ለሚሻገር ደግሞ ሌላ ቁርጥ ሰዓት አለ። መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ላይ የወረደው ዝናብና የቀለጠው በረዶ ወንዙን የሚሞላው በቀኑ ማብቂያ ላይ ነውና ለመሻገሪያውም የራሱ ሰዓት ይቆረጥለት።

ሰዓቱ ለምን ከቤት ይቆረጣል? እዚያው አይተን ብንወስንስ? ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በራስ ደጀን ጫፍ ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስም፣ ባሕር ዳር ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 2 ዲግሪ ያህል ነው፤ ልብስ ከራሰና ነፋስ ከመታው ይህ ሙቀት ሰው ለመጉዳት ይበቃል። የደከመ፣ የበረደውና አየር ያጠረው አእምሮ የሚወስነውን ውሳኔ፣ ቁርስ በልቶ በጣና ዳር የተቀመጠ አእምሮ ቢወስነው ይሻላል። በኤቨረስት የደረሰው አደጋ የሚያስተምረውም ይህንን ነው። ግንቦት 2 ቀን 1988 ዓ.ም. በተነሳው ማዕበል፣ በዚያ ቀንና በማግሥቱ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ከሞቱት አንዱ ልምድ ያለው የኒው ዚላንድ መሪ ሮብ ሆል ነበር። ቢዘገይ እስከ 8 ሰዓት ይመለሳል ተብሎ ሲነገር የቆየው ገደብ በውል ሳይጸና ቀርቶ፣ እሱና ዳግ ሃንሰን የተባለው ደንበኛው 10 ሰዓት ገደማ ጫፉ አካባቢ ነበሩ። ሃንሰን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጫፉ ሳይርቅበት ተመልሶ ነበር፤ ሁለተኛ መመለስ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ከዚያው ከሆል ቡድን ሦስት ደንበኞች ግን ቀትር ሳይሆን ዞረው በሕይወት ወርደዋል። ሁለቱን ወገኖች የለያቸው ጉልበት አልነበረም።

«ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ መመለስ ሞኝነት ነው» የሚል ይነሳል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ቀን እውነት ይሆናል፣ ተመላሹም በከንቱ የተመለሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥርት ያለ ሰማይ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ በረዶውን የሚያመጣው ደመና የሚቆለለውም በዚያው ፀሐይ ኃይል ነው። ገደቡ ሰማይ በጠራ ቁጥር የሚገፋ ከሆነ፣ በጠራ ሰማይ ማለዳ የወጡ ሁሉ ገደብ የላቸውም ማለት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «መሪውና ስካውቱ (አጃቢ ጠባቂው) ያውቃሉ፣ ለምን እኛ እንወስናለን?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ተራራውን ከደባርቅ ከተማና ከአካባቢው መንደሮች ሰዎች በላይ የሚያውቀው የለም። ችግሩ ያለው ይሉኝታው ላይ ነው። ከፍሎና ከሩቅ መጥቶ ለጓጓ እንግዳ «ተመለስ» ማለት መሪውን ያስጨንቀዋል፤ ከባሕር ዳር አብረው በሄዱ ጓደኛሞች መካከልም በዕድሜ የሚበልጠው እየገፋ ሳለ «እንመለስ» ብሎ የመጀመሪያው ለመሆን የሚደፍር ጥቂት ነው። ቁርጥ ሰዓት ያን ሸክም ከሰው ትከሻ አውርዶ በሰዓቱ ላይ ያደርገዋል፤ «ጋሼ፣ 5 ሰዓት ሆነ» ማለት «ጋሼ፣ ደክሞዎታል» ከማለት እጅግ ይቀላል። ለእኔ የዚህ ቃል ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት መሪው፣ ስካውቱና ተጓዦቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ጮክ ተብሎ መነገር አለበት የምለው።

«በክረምት ባትሄዱስ?» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ለስሜን እጅግ የተሻሉ ወራት ናቸው፤ መምረጥ የሚችል ሰው እነሱን ይምረጥ። ነገር ግን ተማሪና መምህር የሚያርፉት፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ በክረምት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ውጭ የቆየው ዘመድ በሚያነበው መጽሐፍ እነዚህ ወራት የተራራ ጉዞ ምቹ ጊዜ ተብለው መጻፋቸው እንዳያሳስተው፤ ያ ምክር ለአልፕስና ለመሰሎቹ የተጻፈ ነው። ቀኑም እዚያ 15 ሰዓት ያህል ይረዝማል፣ በስሜን ግን በሐምሌም ቢሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። መጀመሪያ ከፍታውን መልመድ ለሚፈልግ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ያለው፣ ርብና ጉማራን ወደ ጣና የሚልከው ጉና ተራራ ቅርብ ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ስለሆነ እሱም ሳይናቅ ቁርጥ ሰዓት ይቆረጥለት። የመንገዱን ሰላም ማጣራት ከዚህ ሁሉ እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ለጉዞ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ሰዓቱን በወረቀት ጻፉት፤ በእኛም በስልኩም አቆጣጠር አድርጉት፣ «ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በስልክ 11:00» ብላችሁ፤ ከውጭ የመጣ ሰው በመካከላችሁ ካለ የስድስት ሰዓት ስህተት ቀልድ አይደለም። አንዱን ቅጂ ለመሪው፣ አንዱን ባሕር ዳር ለሚቀር ቤተሰብ ስጡ፣ እስከ ስንት ሰዓት ድምፃችሁ ካልተሰማ ለማን እንደሚደውልም ንገሩት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ወደ ፊት መግፋት ለማንም አይፈቀድ፤ ወደ ኋላ ማምጣት ግን ለሁሉም ይፈቀድ።