ከነጋሪት እስከ ሳይረን፦ የማስጠንቀቂያ ድምፅና የአማርኛ አገላለጹ

በአማርኛ የጥሪና የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ሁሉ እንደየአሠራራቸው የየራሳቸው ግሥ አላቸው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ደወል ይደወላል፤ መለከትና ጥሩምባ ይነፋሉ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ ድምፁ የመነጨው ከጎሳሚው ክንድ ነበር። በደቡብ ኦሞ፣ በካኮ አካባቢ በሚኖረው የበና ሕዝብ ዘንድም፣ በከብት ዝላይ ሥርዓት ላይ ሴቶች የሚነፉት የቆርቆሮ ጥሩምባ የሚሰማው በሰው ትንፋሽ ነው። ሳይረን ግን ከሁለቱም አይመደብም። ታዲያ በየትኛው ግሥ እንግለጸው?

ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 የሠራው መሣሪያ በውሃ ውስጥም ድምፅ ይሰጥ ስለነበር፣ በግሪክ አፈ ታሪክ መርከበኞችን በዜማ በሚያማልሉት ፍጥረታት ስም ሰየመው። የማማለያው ስም ውሎ አድሮ የማስጠንቀቂያ ስም ሆነ።

በሳይረን ውስጥ ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ጎማ በሞተር ወይም በእጅ ይሽከረከራል፤ አየሩም በቋሚው ሽፋን ቀዳዳዎች በኩል እየተቆራረጠ ይወጣል። የድምፁን ቀጭንነትና ወፍራምነት የሚወስኑት የቀዳዳው ብዛትና የዙሩ ፍጥነት ናቸው። ባለ 10 ቀዳዳ ጎማ በሰከንድ 46 ጊዜ ቢዞር 460 ንዝረት፣ ባለ 12 ቀዳዳው ደግሞ 552 ንዝረት ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ሲሆኑ ባለ ሁለት ቃና ጩኸት ይሰማል።

ምልክቶቹም ከዚሁ ይወለዳሉ። ኃይሉ ሳይቋረጥ ሲሰጥ ድምፁ ወጥ ይሆናል። ኃይሉ እየተቋረጠ ሲመለስ ጎማው ይዘገያል፣ ይፈጥናል፤ ድምፁም ዝቅና ከፍ ይላል። ቀዳዳዎቹ በመዝጊያ እየተከደኑ ሲከፈቱ ደግሞ፣ የጎማው ፍጥነት ሳይለወጥ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ከፍ ዝቅ የሚለው ጩኸት የአውሮፕላን ድብደባ መቃረቡን፣ ወጡ ጩኸት ግን አደጋው ማለፉን ያበሥር ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ከፍ ዝቅ የሚለው የጥቃት ምልክት ሲሆን፣ ወጡ ግን «ተጠንቀቁ፣ ሬዲዮ ክፈቱ» ማለት ነበር። ያው ወጥ ድምፅ በአንዱ አገር ሰውን ከመጠለያ ሲያወጣ በሌላው ለአዲስ አደጋ ያነቃል።

እንግዲህ ተርጓሚው ሁሉንም «ደወሉ ተደወለ» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው ሰዎቹ የሚሸሸጉ ይሁኑ የሚወጡ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሳይረን «ይጮኻል» እንዲባል፤ ምልክቶቹም «ወጥ ጩኸት»፣ «ከፍ ዝቅ ጩኸት» እና «ቁርጥ ቁርጥ ጩኸት» ተብለው እንዲለዩ ሐሳብ እናቀርባለን። የምልክቱ ትርጉም ግን ከስያሜው ተነጥሎ፣ እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ደንብ ሊገለጽ ይገባል።