ካርታም ይነበባል፦ የአቃቂን ታሪክ ከአሮጌ ካርታ ላይ መፈለግ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

 

ፊደል ከቆጠራችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስማችሁን ጻፋችሁ። ቀጥሎም የአውቶቡሱን ታፔላ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የልጃችሁን ደብተር ማንበብ ቻላችሁ። ዛሬ ደግሞ ሌላ የሚነበብ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እሱም አሮጌ ካርታ ነው።

«ካርታማ የወታደርና የመሐንዲስ ነው፤ እኛ ምን እናደርግበታለን?» ትሉ ይሆናል። እንዲህስ አይደለም። ወንዛችሁን፣ ጉብታችሁን፣ የአያቶቻችሁን መንደር የያዘ ወረቀት የእናንተም ነው። እስቲ የአቃቂ ቃሊቲን አካባቢ እንደ ምሳሌ ወስደን አብረን እንየው።

ካርታው እንዴት ተሠራ?

የአገራችን የካርታ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ሰፊ ሥራ ተሠራ። አውሮፕላን ከላይ እየበረረ መሬቱን ፎቶ አነሣ። ባለሙያዎች ፎቶዎቹን እያገጣጠሙ ወንዙን፣ መንገዱንና ቤቱን በወረቀት ላይ አሰፈሩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹም ዝርዝር ካርታዎች ታተሙ።

ፎቶ ግን ስም አይናገርም። ስለዚህ ሠራተኞች ወደ ገጠር ወርደው «ይህ ወንዝ ማን ይባላል? ይህ ኮረብታስ?» እያሉ ሰው ጠየቁ። መልሱን የሰጠው አራሹ፣ እረኛውና ውሃ ቀጂዋ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ማንበብና መጻፍ ያልቻሉ አባቶችና እናቶች የተናገሩት ቃል በካርታው ላይ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው።

ካርታው እንዴት ይነበባል?

ለዚህ ሥራ የሚስማማው አንድ ለሃምሳ ሺህ የሚባለው ካርታ ነው። በወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። የአውራ ጣታችሁ ወርድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አውራ ጣታችሁን ካርታው ላይ ብታሳርፉ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሸፈናችሁ ማለት ነው።

ቀለሞቹም ትርጉም አላቸው። ሰማያዊ ውሃ ነው። አረንጓዴ ደን ወይም ቁጥቋጦ ነው። በጥቁር ቀለም የተሣሉት ቤቶች፣ የባቡር ሐዲድና ስሞች ናቸው። ትንሽ መስቀል ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጨረቃ ካያችሁ መስጊድ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስቸግሩት ቡናማዎቹ ጥምዝምዝ መስመሮች ናቸው። እነዚህ የመሬቱን ከፍታ ያሳያሉ። የአባ ሳሙኤል ውሃ በበጋ ሲሸሽ በዳርቻው ላይ የጭቃ መስመር ይተው የለም? ትንሽ ቆይቶ ሲሸሽ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር ይተዋል። እያንዳንዱ መስመር ዙሪያውን በአንድ ከፍታ ላይ ነው። የካርታውም መስመር እንደዚያው ነው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ መሬቱ ዳገት ነው። ከተራራቁ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በየረር ተራራ፣ በምዕራብ በፉሪ ተራራ መስመሮቹ ይጨናነቃሉ። በመካከል በአቃቂ ሜዳ ላይ ግን ይራራቃሉ።

ሐዲዱ ምን ይነግረናል?

አሁን ጣታችሁን በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ አድርጉ። ከቢሾፍቱ ተነሥታችሁ በዱከም በኩል ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በቃሊቲ አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ ሂዱ። ሐዲዱ ቡናማዎቹ መስመሮች ከተጨናነቁበት ቦታ ይሸሻል። ለምን? ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣማ! ሜዳ ሜዳውን ይመርጣል።

ይህ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በአቃቂም ጣቢያ ተሠራ። ኋላም በሐዲዱና በወንዙ አጠገብ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች ተተከሉ። በካርታው ላይ ፋብሪካ ከተራ ጎጆ ተለይቶ በትልልቅ ጥቁር ምልክት ይታያል። በአጠገቡ የሠራተኛው ቤት ተጠጋግቶ ይታያል። ራቅ ሲባል ደግሞ የገበሬው ጎጆ እዚህም እዚያም ተበትኗል።

ታዲያ ከተማዋ ለምን እዚህ ቦታ ላይ አደገች? ካርታው መልሱን ያመለክታል። ሜዳው ሐዲዱን ጠራ፤ ሐዲዱና ወንዙ ፋብሪካውን ጠሩ፤ ፋብሪካው ሠራተኛውን ጠራ። ታሪክ ማጥናት ማለት የነገሥታትን ስም መሸምደድ ብቻ አይደለም። «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅም ታሪክ ነው።

ዛሬ በአሮጌው ሐዲድ በዚህ በኩል ባቡር አያልፍም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል። የአሮጌው ሐዲድ መንገድ በቤትና በአጥር ቢሸፈን እንኳ በካርታው ላይ አለ።

ውሃውስ?

ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ከሰሜን ይወርዳሉ። አንደኛው ትልቁ አቃቂ፣ ሁለተኛው ትንሹ አቃቂ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባን አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

አባ ሳሙኤል ሰው የሠራው ሐይቅ ነው። ግድቡ የተሠራው በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን ያለቀው በ1932 ዓ.ም. ገደማ ነው። በአገራችን በውሃ ኃይል መብራት ካመነጩት ቀደምት ጣቢያዎች አንዱ ነው። ኃይሉ 6,600 ኪሎ ዋት ነበር። ጣቢያው ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ከወረራው በፊት በተሠራ ካርታ ላይ ይህ ሐይቅ አይኖርም። ወንዙ ብቻ ነው የሚኖረው። ኋላ በተሠራው ካርታ ላይ ግን ሰፊ ሰማያዊ ቦታ ታያላችሁ። ያ ሰማያዊ ቦታ ከውሃው በፊት መሬት ነበር። የከተማው ቆሻሻ፣ የፋብሪካው ፍሳሽና ጎርፉ የሚያመጣው ደለል ዛሬ ሐይቁን ጎድተውታል። እምቦጭ የሚባለው አረምም ወርሮታል። የድሮውን የሐይቅ ዳር በካርታ ይዛችሁ ዛሬ በእግራችሁ ብትዞሩ፣ የጎደለውን በዓይናችሁ ትለካላችሁ። «ድሮ እስከዚህ ይደርስ ነበር» ብሎ ለመናገርም ማስረጃ ይኖራችኋል።

የቦታ ስም ምስክር ነው

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። ታክሲ ተራ ቆማችሁ ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» ሲል ሰምታችኋል። በኦሮምኛ ቱሉ ማለት ኮረብታ ነው፤ ዲምቱ ማለት ቀይ ነው። «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ገላን ደግሞ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ስሙን ያወጣው በቦታው የኖረው ሕዝብ ስለሆነ፣ ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል።

በአሮጌው ካርታ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ሜዳዎች ባዶ ይመስላሉ። ጥቂት ጎጆዎች፣ ቀጭን የእግር መንገድ፣ አንድ ጅረት፤ ይኸው ነው። ግን ባዶ አልነበሩም። ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚበቅልባቸው ጥቁር አፈር ነበሩ። የሚያርሳቸው ገበሬ ነበረ። ከተማው ሲሰፋ ብዙ ገበሬ መሬቱን ለቋል።

የትልልቆቹ ቦታዎች ስም አይጠፋም። ታክሲው ይጠራቸዋል። የምንጩ፣ የመሻገሪያው፣ የዋርካው፣ የድሮው መቃብር ስም ግን ታክሲ አይጠራውም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ካርታው ከያዘው ጥቂቱን እናተርፋለን። ያልያዘውን ካልጠየቅን ግን አናገኘውም።

ካርታ የማይናገረው

ካርታ ሁሉን አያውቅም። ይሳሳታልም። የዚህ ዓይነት ካርታ ላይ ስሞች በአብዛኛው የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚያ ፊደል «ቀ» እና «ከ» አይለዩም። አገሩን የማያውቅ ሰው አቃቂን «አካኪ»፣ ቃሊቲን «ካሊቲ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ትክክለኛውን አጠራር የሚያውቁት የቦታው ሰዎች ናቸው።

ካርታ የጠፋውንም አይናገርም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ከአቃቂ ጋር የተያያዘ ነው። የማሠራጫ ጣቢያው በአቃቂ ተተክሎ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የኢትዮጵያ ድምፅ ለዓለም የተሰማው ከዚያ ነው። ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ጣቢያው እንዳያገለግለው ተበላሸ። ከ30 ዓመት በኋላ አውሮፕላን ፎቶ ሲያነሣ ያ ታሪክ ከላይ አይታይም። ዛሬ በሬዲዮ የምትሰሙት ድምፅ የት እንደ ጀመረ ካርታው ብቻውን አይነግራችሁም።

ከሁሉም በላይ፣ ካርታ መሬቱ የማን እንደ ነበረ አይናገርም። የገበሬው ጎጆ በካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ናት። ያ ገበሬ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ጭሰኛ ነበር? ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር? ነጥቧ ዝም ትላለች። መልሱ ያለው በሰው አፍ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ካርታውን ፈልጉ። የቀድሞው የካርታ ሥራ ድርጅት ሥራ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። እዚያ ጠይቁ። የላቲኑን ፊደል ተማሪ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ደግሞ አጠራሩን አርሙት።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት ተመልከቱ። አንደኛው ፎቶው የተነሣበት ነው፤ ሌላው ካርታው የታተመበት ነው። የምታዩት መሬት ፎቶ በተነሣበት ዓመት የነበረው ነው።

ሦስተኛ፣ ስስ ወረቀት በካርታው ላይ አድርጋችሁ ወንዙን፣ ሐዲዱንና መንደሮቹን ገልብጡ። ከአዲሱ ካርታ ጋር አስተያዩ። ምን ጠፋ? ምን ተጨመረ?

አራተኛ፣ ግልባጩን ይዛችሁ ወደ አንድ አዛውንት ቤት ሂዱ። ቡና ይፈላ። «አባባ፣ ይህች ነጥብ የማን ቤት ነበረች? እማማ፣ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?» በሏቸው። የተናገሩትን በደብተራችሁ ጻፉ። የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፉ። በኦሮምኛ ከነገሯችሁ በኦሮምኛ ያዙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ካርታ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። በድንበር ለመጣላት አትጠቀሙበት። ለማወቅ ተጠቀሙበት።

አድማጮቻችን፣ ካርታውን ሲሠሩ የቀዬውን ስም የነገሩት አባቶችና እናቶች እስክሪብቶ አልያዙም ነበር። ሌላ ሰው ጻፈላቸው፤ አንዳንዱንም አሳስቶ ጻፈው። እናንተ ግን ዛሬ እስክሪብቶ በእጃችሁ ነው። የቀዬአችሁን ስም ራሳችሁ በትክክል ጻፉት።

ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በካርታ ላይ ቡናማ መስመሮች ሲጠጋጉ መሬቱ ምን ዓይነት ነው?
2. የባቡር ሐዲዱ በአቃቂ ሜዳ ላይ ለምን አለፈ?
3. ካርታ የማይነግረንን ሦስት ነገር ተናገሩ።
4. በሰፈራችሁ ስሙ ሊጠፋ የተቃረበ ምንጭ፣ ዛፍ ወይም መሻገሪያ አለ? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።